«እደግ፣ ተመንደግ»፦ የቆቃ ቆሮሶ በምን ያድጋል?

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው የድሮ መንገድ የሚጓዝ ሰው ቆቃ ሲደርስ ከሐይቁ በፊት ዓሣውን ያያል። ልጆችና ወጣቶች በገመድ የሰኩትን ቆሮሶ ከፍ አድርገው ይዘው መኪና በመጣ ቁጥር ወደ አስፋልቱ ጠጋ ይላሉ። ጾም ሲገባ ገበያው ይደራል። ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ጥብሱን እዚያው ይበላል፣ ፊሌቶውን ደግሞ ለቤቱ ያስጠቀልላል። እኔም ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ ነኝ። አንድ ቀን ጥብሴ እስኪደርስ ዓሣ ከሚያጸዳ ወጣት አጠገብ ቆምኩ። ቅርፊቱን በቢላዋ ከጭራው ወደ ራሱ ይፍቃል፣ ሆዱን ይሰነጥቃል፣ አንጀቱን ባንዴ ጎትቶ ባልዲ ውስጥ ይጥላል። በመሃል ከመዳፉ ብዙም የማትበልጥ ዓሣ አነሳ። ሆዷን ሲከፍተው ቢጫ እንቁላል ግጥም ብሎ ሞልቶታል።

«ይቺ ገና ጫጩት አይደለችም እንዴ? እንቁላሉን ከየት አመጣችው?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ እናት ናት። አሁን አሁን እንዲህ ሆነው ነው የሚቀሩት» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። እናት ለመሆን የደረሰች፣ በቁመቷ ግን ጫጩት የምትመስል ዓሣ! መድረስና ማደግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ልጅ ሲታዘዘን «እደግ፣ ተመንደግ» ብለን እንመርቃለን። በእንስሳ አካል ውስጥ ይህን ቃል ከራስ ቅል ተነስቶ እስከ አጥንትና ጡንቻ የሚያደርስ መልእክተኛ አለ፤ የእድገት ሆርሞን ይባላል። ይህ መልእክተኛ በዓሣ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ካስተማሩን ፍጥረታት አንዷ ከቆቃ እጅግ ርቃ የምትኖር፣ ጣት የማታክል ዓሣ ናት። የዛሬው ትውውቃችን ከእሷ ጋር ነው። ወደ ቆቃ የምንመለሰውም እሷን ይዘን ነው።

ስሟ ዜብራፊሽ ነው። አገሯ ደቡብ እስያ ነው፤ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በኔፓል ረጋ ባሉ ወንዞች፣ በኩሬዎችና በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ትኖራለች። ርዝመቷ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። በጎኗ ላይ የተዘረጉት ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች የሜዳ አህያን ስለሚያስታውሱ ይህ ስም ወጣላት። ሰዎች ለረጅም ጊዜ በመስታወት ገንዳ ለጌጥ ብቻ ያስቀምጧት ነበር። ወደ ቤተ ሙከራ በሰፊው ያስገባት ቡዳፔስት ተወልዶ በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ፍጹም አንድ ዓይነት ዘር ያላቸውን ዜብራፊሾች ማራባት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም የእሷ ገንዳ የተደረደረባቸው ቤተ ሙከራዎች በዝተዋል።

የተመረጠችበት ምክንያት ቀላል ነው። እንቁላሏ የሚዳቀለው ከአካሏ ውጭ፣ ውሃው ውስጥ ነው፤ እንደ መስታወትም ጥርት ያለ ነው። የላም ጥጃ ወይም የሰው ልጅ በማሕፀን ውስጥ ተሸሽጎ የሚያልፈውን ነገር እሷ በግልጥ ታሳያለች። እንቁላሏን የምትጥለው ጎህ ሲቀድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ እንቁላል አጉሊ መነጽር ሥር ያስቀመጠ ሰው ራስና ጭራው የተለየ ፅንስና የምትመታ ልብ ያያል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፣ በሦስት ወር ገደማ ለመራባት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ ዘረመሏ ተነቦ ሲታተም ከ26,000 በላይ ፕሮቲን ሠሪ ዘረመሎች ተቆጠሩ፤ ከሰው ዘረመሎች 70 በመቶ ያህሉም በእሷ ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታወቀ። በዓሣዋ ውስጥ የተገኘ ነገር ለቆሮሶም፣ ለሰውም ፍንጭ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መልእክተኛው እንመለስ። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። በሰው ውስጥ መጠኗ አተር ቢያክል ነው። የእድገት ሆርሞን ከዚህች ዕጢ ይወጣና በደም ተሳፍሮ ጉበት ይደርሳል። ጉበት መልእክቱን ሲቀበል ሁለተኛ መልእክተኛ ይልካል፤ ሳይንቲስቶች አይጂኤፍ ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ነው አጥንቱ እንዲረዝም፣ ጡንቻው እንዲወፍር በየቦታው ትእዛዝ የሚያደርሰው። ልክ ከላይ የወጣ ደብዳቤ በወረዳው ተባዝቶ ለየቀበሌው እንደሚበተነው ማለት ነው። ወረዳው ሥራውን ካቆመ ደብዳቤው ከላይ በየቀኑ ቢመጣም ቀበሌው አያየውም። ይህን ምሳሌ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ደብዳቤው ራሱ ከነጭራሹ ባይጻፍስ? ይህን ጥያቄ ሣራ ማክሜናሚን የተባለች ተመራማሪ ከዴቪድ ፓሪቺና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2013 «ኢንዶክራይኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት መለሰችው። የጥናቱ ባለቤት «ቪዚኒ» የሚል ስም የተሰጣት የዜብራፊሽ ዘር ናት። የቪዚኒ ችግር ከአንድ ዘረመል ላይ ነው። የእድገት ሆርሞንን የሚሠራው ትእዛዝ መሃል ላይ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ፣ አራት ነጥብ ተደርጎበታል። ስለዚህ ሆርሞኑ ሳይሠራ ይቀራል።

እንደዚህ ያለች ዓሣ ገና ከእንቁላሉ ሳትወጣ ትሞታለች ብሎ የሚገምት ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ትፈለፈላለች፣ ትዋኛለች፣ ትበላለች። ሁለተኛው መልእክተኛ አይጂኤፍ እንኳ በእጭነት ዘመኗ አልቀነሰባትም። ልዩነቱ የሚታየው ቀን እየገፋ ሲሄድ ነው። እህቶቿ ሲረዝሙ እሷ ወደኋላ እየቀረች፣ ክፍተቱም በየሳምንቱ እየሰፋ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው፦ ቪዚኒ ከአንዱ የእድገት ደረጃ ወደ ሌላው መሸጋገሯን አላቆመችም። ሁሉንም ደረጃ የደረሰችው ከጤነኞቹ እጅግ ባነሰ ቁመት ነበር። ትንሽ ሆና ደረሰች።

ሌላም አለ። ይቺ ድንክ ዓሣ ወፍራም ነበረች። ስቡ ከቆዳዋ ሥርም ከሆድ ዕቃዋ ዙሪያም ከጊዜው ቀድሞ ተከማችቷል። ተመራማሪዎቹ ዓሣዋ በሕይወት እያለች የስብ ሕዋሶቿን በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱ በውስጣቸው ያለው የቅባት ጠብታ ቁጥሩ እንዳልበዛ፣ እያንዳንዱ ጠብታ ግን ያለ ልክ እንዳበጠ አዩ። ከዚያ ምግብ ከለከሏት። ጤነኛ ዓሣ ሲርበው ስቡን እያወጣ ይኖራል። ቪዚኒ ግን ጎተራዋ ሞልቶ እያለ መክፈት አልቻለችም፤ ስቧ የሚቀልጠው እጅግ በዝግታ ነበር። የእድገት ሆርሞን «እደግ» ከማለቱ ሌላ «ጎተራህን ክፈት» የሚልም ትእዛዝ አለው ማለት ነው። አንድ ሆርሞን ሁለት ሥራ የመያዙ ነገር ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ነው። እድገትና ምግብ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን እናቶቻችን በልምድ ያውቁት ነበር፤ እዚህ ግን በአንድ ዘረመል ላይ ተጽፎ ተገኘ።

አሁን ቆቃ ደርሰናል። የቆቃዋ ትንሽ እናት እንደ ቪዚኒ ዘረመሏ የተቆረጠ ዓሣ አይደለችም፤ የራሷ የሆነ ታሪክ አላት።

ቆሮሶ አፉን ማሕፀን ያደረገ ዓሣ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ እሱ ካዳቀለው በኋላ ለቅማ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ በራሳቸው እስኪዋኙ ድረስ፣ አንድ ሁለት ሳምንት፣ እህል ወደ ሆዷ አይገባም ማለት ይቻላል። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። እንዲህ ያለ እናትነት ዋጋ አለው። ወንዱ የበላውን ሥጋ ሲያደርገው እሷ እንቁላልና ጾም ታደርገዋለች። ስለዚህ በቆሮሶ ዘንድ ወንዱ ፈጥኖ ያድጋል፣ ሴቷ ትቀራለች።

ውሃው ሲጨናነቅ፣ ምግብ ሲያጥር ወይም መረብ ትልልቁን ዓሣ አጥብቆ ሲለቅም ነገሩ ይብሳል። ዘር የሚተርፈው ቀድሞ ከደረሰው ነውና ቆሮሶ በለጋነቱ መራባት ይጀምራል። ኃይሉን ለእንቁላል ያውለዋል፤ ቁመቱ ባለበት ይቆማል። የዓሣ ኩሬ የቆፈሩ ገበሬዎችም ይህን በደንብ ያውቁታል፤ በወራት ውስጥ ኩሬያቸው ከጣት በማይበልጡ ዓሣዎች ይሞላል።

ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ምሳሌ እዚህ ላይ ይመጣል። ዓሣ ሲራብ በደሙ ውስጥ ያለው የእድገት ሆርሞን ይቀንሳል ብለን እናስባለን። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሆርሞኑ ይጨምራል። የተራበ ጉበት ግን ደብዳቤውን መቀበል ያቆማል፣ አይጂኤፍም ይወርዳል። ሆርሞኑ ያን ጊዜ የሚሠራው ሁለተኛውን ሥራውን፣ ጎተራ መክፈቱን ብቻ ነው። አካሉ «ዛሬ ማደግ ይቅርብኝ፣ መኖር ይብለጥብኝ» ያለ ያህል ነው። በረሃብ ዘመን የሰው ልጅ አካልም እንዲሁ ያደርጋል።

«ታዲያ ሆርሞኑን ለምን አንሰጠውም?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ገበያ ላይም «የእርባታ ዓሣ በሆርሞን የተነፋ ነው» ሲባል ሰምቻለሁና ነገሩን ለየት አድርጎ ማስረዳት ይገባል። በብዙ አገሮች የቆሮሶ አርቢዎች የሚጠቀሙበት ሆርሞን የእድገት ሆርሞን አይደለም። ሜቲልቴስቶስትሮን የሚባል የወንዴ ሆርሞን ነው። በአንድ ኪሎ መኖ 60 ሚሊ ግራም ገደማ ይቀላቀላል፣ ጫጩቶቹ ገና ጾታቸው ሳይለይ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ይመገቡታል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድ ሆነው ያድጋሉ። ኩሬው በጫጩት አይጨናነቅም፣ ሁሉም ፈጥኖ ይወፍራል። ዓሣው ለገበያ የሚደርሰው ከዚያ ወራት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከበላተኛው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሆርሞኑን በእጁ የሚያቦካው ሠራተኛና የኩሬው ውሃ የሚለቀቅበት ወንዝ ነው፤ ለሁለቱም ጥብቅ ቁጥጥር ያስፈልጋል። ከሐይቅ በመረብ የወጣ የቆቃ ቆሮሶ ግን ይህን መኖ ቀምሶ አያውቅም።

በእድገት ሆርሞኑ በራሱ የሞከሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተመራማሪዎች ከሌላ የሳልሞን ዝርያ የወሰዱትን የእድገት ሆርሞን ዘረመል ለአትላንቲክ ሳልሞን ሰጡት። ሦስት ዓመት ይፈጅ የነበረው እድገት ወደ ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ወረደ። አሜሪካ እንዲበላ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። አምራቹ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የዓሣ ምርቱን አቆመ።

ሦስተኛ መንገድ አለ። አባቶቻችን በበሬና በጤፍ ያደረጉት ነው፤ ከልጆቹ መካከል የተሻለውን ለዘር ማስቀረት። እ.ኤ.አ. በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረው «ጊፍት» የተባለው የቆሮሶ ማሻሻያ ሥራ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ ዓሣዎችን በእስያ ከሚረቡት ጋር አዳቅሎ፣ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ፣ እስያን በቆሮሶ ሞላት። የአፍሪካ ዓሣ የእስያን ገበታ አጠገበ።

የእኛም አገር ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ላይ ናቸው፤ ለሥራቸው የመረጡትም የቆቃን ቆሮሶ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው ካሳዬ ባልከው ከኖርዌይ የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ጥናት ከቆቃ የመጡ ዓሣዎችን ቤተሰብ በቤተሰብ እያራባ፣ የየቤተሰቡን ልጆች በአንድ ኩሬ ውስጥ አብሮ እያሳደገ መዝኗቸዋል። ጥያቄው ከክብደታቸው ልዩነት ምን ያህሉ ከወላጅ የተወረሰ፣ ምን ያህሉ ከውሃና ከመኖ የመጣ ነው የሚል ነው። የተወረሰው ድርሻ ካለ ምርጫ ይሠራል፤ ያለ መርፌ፣ ያለ ሆርሞን መኖ። በሳይንስ ጽሑፎች ላይ «የቆቃ ዘር» የሚል ስም ታትሞ ሳይ የተሰማኝ ኩራት ቀላል አልነበረም። ያ በመንገድ ዳር በገመድ የሚንጠለጠለው ዓሣ ለአገር የሚበቃ ዘር ሊሆን ይችላል።

ዘሩ ጥሩ ቢሆንም ውሃው ካልደገፈው ግን ዋጋ የለውም። የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ለሥራው ከዋለው ገንዘብ ኢጣሊያ ለጦርነት ካሳ የከፈለችው ይገኝበታል። ከጀርባው የተኛው ውሃ ገሊላ ሐይቅ የሚል ስምም ነበረው። ለኤሌክትሪክና ለመስኖ ታስቦ የተሠራው ግድብ ቆሮሶን፣ አምባዛንና ከውጭ የመጣውን ካርፕ ይዞ የዓሣ ሐይቅ ሆነ። ከዚያ የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችንና የከተማውን ፍሳሽ፣ አዋሽ ደግሞ ከላይ የታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ ያመጡበት ጀመር። ውሃው በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የጎመን ቅቅል ይመስል አረንጓዴ ይለብሳል። ያ አረንጓዴ ማይክሮሲስቲስ የተባለ ደቂቅ ሕይወት ነው፤ ማይክሮሲስቲን የሚባል የጉበት መርዝ ያመርታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፊንላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት መርዙ በቆቃ ውሃ ውስጥ እንዳለ አረጋግጠዋል።

ጉበት! «እደግ» የሚለውን ደብዳቤ አባዝቶ የሚበትነው ያው ጉበት ነው። ዜብራፊሽ እዚህ ላይ እንደገና ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በቻይና የተደረገ ጥናት የዜብራፊሽ እጮችን ይህ መርዝ ባለበት ውሃ ውስጥ አሳደገ፤ የታይሮይድ ሆርሞናቸው መጠን ተዛባ። ታይሮይድ ከእድገት ሆርሞን ጎን ለጎን የእጭን ወደ ሙሉ ዓሣነት መሸጋገር የሚመራ ነው። ከቤተ ሙከራ ገንዳ እስከ ሐይቅ ርቀቱ ብዙ ነውና የቆቃን ዓሣ ማነስ በዚህ መርዝ ላይ ብቻ አልጥልም። ነገር ግን ዓሣ አነሰ ሲባል አጥማጁን ብቻ የሚወቅስ ሰው የውሃውን ቀለም ዞር ብሎ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

ውሃን በዓሣ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያገኘ አንድ የመርዛማነት ምርመራ አለ፤ የዜብራፊሽ ፅንሶች በሚመረመረው ፈሳሽ ውስጥ ለ96 ሰዓት ይቀመጣሉ፣ በየቀኑ ልባቸው መምታቱና ቅርፃቸው መስተካከሉ ይታያል። የሰበታው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከልና የባቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል ለቆቃ ሩቅ አይደሉም። በዜብራፊሽም ይሁን በራሱ በቆሮሶ እንቁላል የቆቃ ውሃ በየወቅቱ ቢመረመርና ውጤቱ ለአጥማጁም ለፋብሪካውም በግልጽ ቢነገር ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ለአንባቢ ደግሞ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ቆቃ ላይ መኪናዎን ሲያቆሙ ከመዳፍ የማትበልጠውን ዓሣ አይግዙ፤ ገዢ ካጣች የመረቡ ዓይን ይሰፋል፣ ትልቁም ዓሣ ዘሩን ለመተው ዕድል ያገኛል። ውሃው አረንጓዴ በለበሰበት ሰሞን የተያዘ ዓሣ ከሆነ ደግሞ ጉበቱንና አንጀቱን አይብሉ፣ ለድመትም አይስጡ። መርዙ በብዛት የሚከማቸው እዚያ ነው፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም።